ከማዘዣው በፊት የታካሚውን ውሎ መጠየቅ፦ ከጅማ የተመላላሽ ክትትል ክፍል የተገኘ ተሞክሮ

በጅማ ከተማ በስኳርና በደም ግፊት የተመላላሽ ክትትል ክፍል ውስጥ በነርስነት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ከዚሁ ጎን ለጎንም ለተግባር ልምምድ የሚመደቡልንን የነርሲንግ፣ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች አሠለጥናለሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ሰውን ማዕከል ያደረገ የጤና አገልግሎት ስለሚባለው ሐሳብ በክፍል ተምረው ታካሚ ፊት ሲቀርቡ ከየት እንደሚጀምሩ ለሚቸግራቸው ተማሪዎችና፣ ሐሳቡን ከልብ እያመኑበት የወረፋው ብዛት ፋታ ለሚነሣቸው የሥራ ባልደረቦቼ ነው። የማነሣቸው ታካሚዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝር ሁኔታቸውን ለውጬዋለሁ።

በአገራችን የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን ሲጀምር፣ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከዐበይት አጀንዳዎቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የተረዳነው እንደ ሥነ ምግባር ትምህርት ብቻ ነው። ፈገግ ማለት፣ ወንበር መስጠት፣ አለመቆጣት የሚገባ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ፈገግ ያለ ባለሙያም የተሳሳተ መጠን ሊያዝዝ ይችላል። ሐኪሙ ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 በሽታን በሥነ ሕይወት ብቻ መመልከት እንደማይበቃና የታመመው ሰው አስተሳሰብና ማኅበራዊ ኑሮው የሕክምናው አካል መሆን እንዳለበት ሲከራከር፣ የሚናገረው ስለ ጨዋነት ሳይሆን ስለ ሕክምናው ትክክለኛነት ነበር። እኔም በሥራ ላይ የተረዳሁት ይህንኑ ነው። የታካሚውን ውሎ አለማወቅ አንድ ወሳኝ የምርመራ ውጤት እንደጎደለን መቁጠር ይኖርብናል።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ ከአሰንዳቦ አካባቢ ለደም ግፊት ክትትል ይመላለሱ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ወይ መጠን ይጨመራል፣ ወይ ሌላ ክኒን ይታከላል። «እማማ፣ መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎ ልጄ፣ እወስዳለሁ» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነበር። አንድ ቀን አብራኝ የነበረች ተማሪ ግን ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረበችላቸው። «እማማ፣ ወደዚህ በሚመጡበት ቀን ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ እዚህ እስኪደርሱ ምን ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ» አለቻቸው። እሳቸውም በሌሊት ተነሥተው አስፋልት ድረስ በእግር እንደሚወርዱ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ እንደሚጠብቁ፣ ከዚያም ካርድ ክፍል ሰልፍ እንደሚይዙ ተረኩላትና፣ «ክኒኑንስ መቼ ይወስዳሉ?» ስትላቸው፣ «በዚያ ቀንማ እንኳን ክኒን ውኃም አልጠጣ። መኪና ላይ ሽንቴ ቢመጣ ማንን አቁም እላለሁ?» ብለው መለሱ።

ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር። እሳቸው የትኛው ክኒን እንደሚያመላልሳቸው ለይተው ስለማያውቁ፣ የጉዞ ቀን በደረሰ ቁጥር ሁሉንም ይተዋሉ። የጉዞ ቀን ደግሞ እኛ ግፊታቸውን የምንለካበት ቀን ነው። ስለዚህ እኛ ሁልጊዜ የምናየው መድኃኒት ያልወሰደን፣ በእግርና በመኪና የደከመን፣ ሽንቱን የያዘን ሰው ግፊት ነበር፤ ሽንት ይዞ መቆየት ብቻውን ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ሁላችንም ተምረናል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተን የጨመርነውን መድኃኒት ግን በቀሩት የወሩ ቀናት በሙሉ መጠኑ ይወስዱታል። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንጠይቃቸው፣ ገበያ ቆመው እንደሚያዞራቸውና አንድ ጊዜም ከምድጃ አጠገብ ሲነሡ ወድቀው እንደነበር ነገሩን። ሐኪሙ የተጨመሩትን መድኃኒቶች እንደገና መረመረ፤ የሚያሸናውንም በጉዞ ቀን ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ እንዲወስዱት፣ ሌሎቹን ግን ጠዋት ሳይተዉ እንዲመጡ ተስማሙ። ግፊታቸውም በቅርባቸው ባለው ጤና ጣቢያ በዘወትር ቀን እንዲለካና ቁጥሩን በወረቀት ይዘው እንዲመጡ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የክፍላችን ልማድ አደረግነው። ከሩቅ የሚመጡ ሌሎች ታካሚዎችም ያንኑ ሲሉ ሰማን፤ ከደዶና ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል የሚመጡ የስኳር ሕሙማን ደግሞ የራሳቸው ተመሳሳይ ታሪክ ነበራቸው። በባዶ ሆድ ደም ለመስጠት የታዘዙት ሰዎች የማታ እራታቸውን በጊዜ በልተው፣ የጠዋቱን ኢንሱሊን ሳይወጉ ረጅም መንገድ ይመጣሉ፣ ረፋድ ላይ ተራቸው ሲደርስም ደማቸው ይወሰዳል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የዚያን አንድ ቀን እንጂ የወሩን ሁኔታ አይናገርም። እዚህ ላይ ለተማሪዎች የምለው አንድ ነገር አለ፤ «ይወስዳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ባህል ለታላቅ ወይም ለባለሙያ አክብሮት ሲባል «አዎ» የሚል መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ነው። «እንዴት ይወስዱታል?»፣ «ትናንት ውሎዎ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ታካሚው ሳይሸማቀቅ እውነቱን እንዲናገር በር ይከፍታል።

በሁለተኛ ደረጃ ላብራራው የምፈልገው ስለ ኢንሱሊን ነው፤ ምክንያቱም በጅማ ዙሪያ የኢንሱሊን ሕክምና ከቡናው፣ ከጫቱና ከጾሙ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። አንድ ወጣት ታካሚ ነበረን። ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ የማይወስድ» የሚል ቃል በተደጋጋሚ ተጽፎበት ነበር፤ ይህ ቃል አንዴ ከተጻፈ ከባለሙያ ወደ ባለሙያ እየተላለፈ፣ ታካሚው አፉን ሳይከፍት ቀድሞ የሚፈረድበት ፍርድ ይሆናል። ልጁ ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚገኘው በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነበር። የእነዚህ ወራት ሥራ በእኛ አካባቢ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የቡና ለቀማ ነው። ውሎውን ስናስተረከው፣ በለቀማ ወራት መርፌውን ይወስድ በነበረበት ጊዜ ውሎው እንዲህ ነበር፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑን ወግቶ ቁራሽ ዳቦ በሻይ ይበላል፣ ከዚያ እስከ ቀትር ይለቅማል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ ምሳም ይቀራል።

ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጉልበቱ የሚበረታበት ጊዜ አለው፤ ጠዋት የተወጋው በቀትርና ከቀትር በኋላ ይበረታል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ለቀማው ጉልበት ይጨርሳል፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ሥራውን አያቆምም። ልጁ በአንድ ወቅት ከቡናው ሥር ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወድቆ ነበር። ጓደኞቹ ፀሐይ መትቶት መሰላቸው። ከዚያ በኋላ በለቀማ ወራት የጠዋቱን መርፌ ራሱ ተወው። እኛ ቸልተኝነት ብለን የጻፍነው ነገር፣ ልጁ ከሞት ራሱን ለማትረፍ አስቦ ያደረገው ነበር። ይህን ሳያውቅ «ስኳርህ ከፍ ብሏልና መጠኑን ጨምር» የሚለው ባለሙያ ወደዚያው አደጋ ይመልሰዋል።

ስለ ጫት አጠያየቅ ትንሽ ልቆይ። «ትቅማለህ?» ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅ፣ በተለይ ነጭ ጋውን በለበሰ ሰው ፊት፣ «አልቅምም» የሚል መልስ ይበዛል። «ከሰዓት በኋላ ከጓደኞችህ ጋር ስትቀመጡ ምን ትበላላችሁ፣ ምንስ ትጠጣላችሁ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። መቃሙ ለጤናው እንደማይበጅ መንገር ግዴታችን ነው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ግን ዛሬ በሚኖርበት ሁኔታ እንዳይሞት ማድረግ አለብን። ከዚህ ልጅ ጋር የተስማማነው ቀትር ላይ ሳይበላ ወደ ጫት እንዳይቀርብ፣ ለለቀማ ሲወጣ ስኳር በኪሱ እንዲይዝና ምልክቱ ሲጀምረው 15 ግራም ያህል፣ ማለትም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ እንዲጠጣ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው እንዲደግም ነበር። አብሮት የሚለቅመውን ጓደኛውንም ይዞ እንዲመጣ ጠየቅነው፤ ምክንያቱም ስኳሩ ሲወርድ ራሱን መርዳት የማይችልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን በለቀማ ወራት ያስተካከለው ሐኪሙ ነው፤ ያስተካከለበትን መረጃ የሰጠው ግን ታካሚው ነው።

በአቀማመጡም ነገር ያው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ እንዳለበት ለሁሉም ተማሪ ይነገራል፤ ተማሪውም «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት» ብሎ ለገበሬው ያስተላልፋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነው ትምህርቱ ተማሪዎቹን ወደ ገጠርና ወደ ከተማ ቀበሌዎች ስለሚልክ፣ ከሌሎች ሙያ ተማሪዎች ጋርም በጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ስለሚያደርግ፣ ከዚያ የሚመለሱት ልጆች በአንድ ነገር ይለያሉ፦ መብራት የሌለበትን ቤት ገብተው አይተዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ «ኢንሱሊኑን ቤትዎ የት ያስቀምጡታል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ብልቃጡ ውኃ እንዳይገባበት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ባለበት ቦታ በተቀመጠ እርጥብ የሸክላ እንስራ ውስጥ እንዲቆይ፣ በጣራው ቆርቆሮ ሥርና በምድጃ አጠገብ እንዳይሆን ያስረዳል። በአገልግሎት ላይ ያለ ብልቃጥ ሙቀት ካልበዛበት ለ4 ሳምንታት ያህል ከፍሪጅ ውጪ መቆየት ስለሚችል፣ ይህ ለገበሬው ሊፈጸም የሚችል ምክር ነው።

ስለ ጾም የተማርኩት ነገር ታካሚዎች ሳይጠይቁን እንደሚወስኑ ነው። ረመዳን ሲገባ አብዛኛው ሙስሊም ታካሚያችን መጾም ይፈልጋል፤ «አይቻልም» እንደምንለው አስቀድሞ ስለሚገምት ደግሞ አያነሣብንም፣ መድኃኒቱን በራሱ ግምት ያሸጋሽጋል። ስለዚህ ጉዳዩን እኛው ቀድመን፣ ከረመዳን ቀድሞ ባለው በሻዕባን ወር ቀጠሮ እናነሣለን። «ዘንድሮ ለመጾም አስበዋል?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችን ሲወጣ የብዙዎቹ ፊት ሲፈታ አይቻለሁ። ለዓይነት አንድ የስኳር ሕሙማን፣ በቅርቡ ስኳራቸው በኃይል ለወረደባቸውና ኩላሊታቸው ለተጎዳ አደጋው ከፍተኛ መሆኑን ሳንሸፋፍን እንነግራቸዋለን። ለመጾም ለወሰነ ሰው ደግሞ መጠኑና ሰዓቱ በሐኪም ወደ ኢፍጧርና ወደ ሱሁር እንዲዛወርለት፣ ቀን ቀን ስኳሩን እንዲለካ፣ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ከወጣ ጾሙን ወዲያው እንዲፈታ ከራሱ ጋር እንስማማለን። ሃይማኖታዊውን ብይን እኛ አንሰጥም፤ የሚያምናቸውን ኢማም እንዲያማክር፣ ቢፈልግም ወረቀት ጽፈን እንድንሰጠው እንጠይቀዋለን። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቆዩ የኦርቶዶክስ ተከታዮችም ተመሳሳይ ውይይት ያስፈልጋል፤ በንስሐ አባታቸው በኩል ሲነገራቸውም ብዙ ጊዜ ይቀላቸዋል።

የአልጋ ክፍል ጉብኝትን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ታካሚ ከሁሉ በላይ ባይተዋር የሚሆንበት ሰዓት ይህ ይመስለኛል። ከአልጋው ዙሪያ ሐኪሞችና ተማሪዎች ይቆማሉ፤ ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ሆዱን ገልጠው ይነካሉ፤ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳሉ። አስታማሚው የተነቀነቀውን ራስ አይቶ ተስፋ ቆርጧል፣ ወይም ታካሚውን ወደ ቤት ለመውሰድ መምከር ጀምሯል። አብሬያቸው ከሠራኋቸው ሐኪሞች አንዱ ይህን በቀላል መንገድ ለውጦት አይቻለሁ። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ተማሪ መጀመሪያ ለታካሚው ሰላምታ ሰጥቶ ማን እንደሆኑና ምን ሊነጋገሩ እንደመጡ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል፤ ከመሄዳቸው በፊትም የተወሰነውን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዳውና «ስለ እርስዎ የተናገርኩት ላይ የሳትኩት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ታካሚዎች በዚያ ጥያቄ የሕመሙን መነሻ ቀን፣ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ያልተነገረ አለርጂ ሲያርሙ ሰምቻለሁ።

ቋንቋው ራሱ በጅማ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው የገጠር ታካሚያችን አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ ከዳውሮ፣ ከየምና ከካፋ የሚመጡም አሉ፤ ከሌላ አካባቢ ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ደግሞ አማርኛ ብቻ ይዘው ይደርሳሉ። «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ ለመስጠት መማር ጥሩ ጅምር ነው፤ ለሕክምና ቃለ መጠይቅ ግን አይበቃም። በእጅ ያለው አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የታካሚው ልጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ወይም የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው። አንዲት እናት ስለ ማሕፀኗ በወንድ ልጇ አፍ ልትናገር እንደማትችል ማንም ይረዳዋል፤ ሆኖም ሥራ ሲበዛ ይህ ይዘነጋል። ማን እንዲያስተረጉምላት እንደምትፈልግ ራሷን መጠየቅ፣ ከተቻለ ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ መጥራት፣ በአስተርጓሚም ቢሆን ዓይንን ከታካሚዋ አለማንሣትና አንድ አንድ ነገር ብቻ እየተናገሩ ማስተርጎም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የሚቀርብልኝ ትልቁ ጥያቄ የጊዜ ነው፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ሳለ የእያንዳንዱን ውሎ ማዳመጥ የማይቻል ይመስላል። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይተዋል። እኔ በክፍላችን ያየሁት፣ ሳይቋረጥ የሚናገር ታካሚ ከፈራነው በጣም ቀድሞ እንደሚጨርስ ነው፤ ጊዜ የሚበላው የተቋረጠው ሰው ዋናውን ጉዳይ በሩን ይዞ ሊወጣ ሲል «ደግሞም…» ብሎ ሲጀምር ነው። በተጨማሪም ውሎውን በእያንዳንዱ ቀጠሮ እንደ አዲስ መጠየቅ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ በደንብ ተጠይቆ ካርዱ ላይ ከተጻፈ፣ በሚቀጥለው «የተለወጠ ነገር አለ?» ማለት ይበቃል። ተራ በመጠበቅ ላይ ያሉትን ማናገርም ለተማሪዎች የተመቸ ሥራ ነው፤ ግፊት ሲለኩና ክብደት ሲመዝኑ የሚሰሙትን ጽፈው ለሐኪሙ ያቀርባሉ፤ ሰው ብዙ በሚሰማበት ቦታ ግን የግል ጉዳይ እንዳይጠይቁ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። የማይሞላልን ቀንም አለ። በዚያ ቀን ቢያንስ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመጨመሩ ወይም መጠን ከማደጉ በፊት የጉዞውን፣ የምግቡንና የገንዘቡን ነገር ለመጠየቅ እንሞክራለን።

ምክሩ መግባቱን ለማረጋገጥም «ገባዎት?» ማለት አይጠቅምም፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ቤት ሲደርሱ ልጅዎ ሐኪሙ ምን አለሽ ቢልዎት ምን ብለው ይነግሩታል?» ስንል ግን፣ የጎደለው ነገር ወዲያው ይታያል፤ የጎደለውም በእኛ አነጋገር እንጂ በእሳቸው አለመስማት እንዳልሆነ አስበን እንደገና እናስረዳለን።

በመጨረሻ ስለምንጽፈው ነገር። ካርዱ ላይ ከግፊቱና ከስኳሩ ቁጥር በታች አንድ መስመር ለታካሚው ውሎ እንተዋለን፦ «በሌሊት ተነሥተው ይመጣሉ፣ በጉዞ ቀን የሚያሸናውን ክኒን ማታ ይወስዳሉ፣ ልጃቸው ከተማ ስለሆነ መርፌውን የምትወጋቸው ምራታቸው ናት፣ የሚያሳስባቸው ዓይናቸው ነው» የሚል ዓይነት። «አይታዘዝም»፣ «ቸልተኛ» የሚሉ ቃላት እንዲቀሩና በምትካቸው መድኃኒቱ ያልተወሰደበት ምክንያት እንዲጻፍ ተስማምተናል። ታካሚው በቅርቡ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሲመለስም ይኸው መስመር በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ስምና መጠን ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ታካሚው ከተስማማም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንድታውቀው ይደረጋል። እሷ ቤቱን ታውቀዋለች፣ እንስራውንም ታየዋለች። ለአሰንዳቦዋ እናት የጻፍነው ወረቀት «እባካችሁ ግፊታቸውን ክኒናቸውን በወሰዱበት ቀን፣ ሽንት ቤት ደርሰው ከተመለሱና 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ለኩልን» የሚል ነበር፤ ጤና ጣቢያውም በየወሩ ቁጥሩን እየመዘገበ ይልክልን ጀመር።